ማይክራፎኑና ቅሉ

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ነበርኩ። ጥምቀት አልፏል፤ ከተማው ገና ከበዓል ድካሙ አልነቃም። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ጣናን አያለሁ። (ጣናን ማየት ሥራ ነው። የማይመስለው ሰው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይሞክረው።) ከጀርባዬ፣ በአንዱ ደብር የሠርክ ጉባኤ ተጀምሯል። ድንኳኑ አይታየኝም፤ ሰባኪው ግን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ያህል ይሰማኛል። የድምፅ ማጉያዎቹ አፍ ወደ ውኃው የዞረ ሳይሆን አይቀርም፤ ክብራን ገብርኤል ያሉት መነኮሳት ሳይቀሩ የሚሰሙት መሰለኝ።

ከሻይ ቤቱ አጥር ወዲያ፣ ውኃው ጥግ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉን ነዶ ነዶ እያደረጉ፣ በጉልበታቸው እየተጫኑ ያስሩታል። እኔም ዝም ማለት አልሆንልህ ብሎኝ፣ ጉባኤው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እንጃ ጌታው» አሉኝ፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው እንደያዙ። «የተጠራው ሰው ያውቃል። እኛን አይደለም የሚጠሩት።»

ሽማግሌው ከነገደ ወይጦ ናቸው።

ማስተማር ከተውኩ ዓመታት ቢቆጠሩም የሥነ ጽሑፍ መምህርነት በሽታ ግን አልለቀቀኝም። አንድ ንግግር በሰማሁ ቁጥር «ይሄ ነገር የተነገረው ለማን ነው?» ማለት ይቀናኛል። ተማሪዎቼን በዚህ ጥያቄ አሰልችቻቸዋለሁ። ማንኛውም ድርሰት በልቡ የያዘው አንባቢ አለው፤ ደራሲው ስሙን ባይጠራውም ከቃላት አመራረጡ፣ ከቀልዱ፣ አብራርቶ ካላለፈው ነገር ሰውዬው ይታወቃል። እኔ ይህን ለማስረዳት አንድ መንፈቀ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። ሽማግሌው ደንገል እያሰሩ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

እስቲ ስብከቱን እንደ ድርሰት እንየው። የእለቱ ትምህርት ስለ ሳምራዊቷ ሴት ነበር። ሰባኪው ድምፁ ያምራል፤ ነገር መስቀልና ማውረድ ያውቃል። የሴትዮዋን አምስት ባሎች አንድ ሁለት እያለ ሲቆጥር ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወደ ዘመናችን ትዳር ዞረ፤ ከዚያ ወደ ፀጉር ቤት። መሐል ላይ የሌላ እምነት ተከታዮችን ጎሸም አደረገና እልልታው ቀለጠ። «ያልገባችሁ እጃችሁን አውጡ» አይባል ነገር፣ ያልገባው ሰው እዚያ የለም። የሰባኪው አድማጭ ቀድሞ ያመነ፣ ቀድሞ የተጠመቀ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ የመጣ ሰው ነው። የሚነገረውም አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚለየው በዜማው ነው።

ታሪኩን ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። ነገሩ በስብከት አይጀምርም፤ በውኃ ልመና ነው የሚጀምረው። መንገደኛው ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል። መቅጃ የለውም። አይሁድ ደግሞ ከሳምራውያን ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጡም። ሴትዮዋን መጀመሪያ ያስደነገጣት የትምህርቱ ጥልቀት አልነበረም፤ በእሷ ዕቃ ልጠጣ ማለቱ ነው። ስለ ሕያው ውኃ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ አምልኮ የተባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የእኛ ሰባኪ ከዕቃው ላይ ዘልሎ ባሎቹ ላይ አረፈ።

ሰውዬውን ለብቻው መውቀሴ አይደለም፤ የዘመኑ ስብከት አካሄድ ነው። በካሴት ተጀምሮ በቪሲዲ አልፎ ዛሬ በየስልካችን ገብቷል። የመጣው ለውጥ ቀላል አለመሆኑንም አውቃለሁ። እኛ ልጆች ሳለን ቅዳሴው በግእዝ አልፎ፣ ድርሳኑ በግእዝ ተነብቦ፣ የሚገባንን ቆጥረን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን መልክ አስያዘ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ተስፋፉ፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ ዘረጋ። ባሕር ዳር ሳስተምር ማታ ማታ ከፔዳ ግቢ ወጥተው ለኮርስ የሚሮጡ ተማሪዎቼን አያለሁ፤ ከእኔ ክፍል በበለጠ ትጋት ይማሩ እንደነበር መደበቅ አልችልም። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ስብከተ ወንጌል ተስፋፋ ቢል አይፈረድበትም።

ግን ቁጥሩ ሌላ ይናገራል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 50 በመቶ የሚበልጠው ኦርቶዶክስ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ 43.5 በመቶ ሆነ። በዚያው ጊዜ ፕሮቴስታንቱ ከ10 በመቶ ገደማ ተነሥቶ ወደ 18.6 በመቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገራዊ ቆጠራ ስላልተካሄደ ስለ ዛሬው መከራከሩ ዋጋ የለውም። እኔን የገረመኝ የእኛ ሰዎች ለቁጥሩ የሰጡት ምላሽ ነው። «በስንዴና በዘይት ገዟቸው» አሉ። እሺ፣ እንበል ተገዙ። ታዲያ ያ ሰው በተራበ ጊዜ እኛ ወዴት ነበርን? ደግሞስ ነገሩ ሁሉ ስንዴ ነው ወይ? ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው ለስንዴ አልነበረም። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲጠሩት ዞር ይላል። በጥር 2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ለሁለት ሊከፍላት ደርሶ የነበረው የጳጳሳት ሹመት ጉዳይም ሌላ ሌላ ነገር ቢኖርበትም፣ አንዱ የተነሣበት ቅሬታ ይኸው የቋንቋ ነገር ነበር።

አማራ ክልል ውስጥ ግን ይህ ጭንቀት የለም። በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ 82.5 የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚናገር ሰባኪ «ምእመናን» ብሎ ቢጀምር አይሳሳትም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ብዙኃን የሆነ ሃይማኖት ለማንም ራሱን የማስተዋወቅ ግዴታ የለበትም፤ እርስ በርሱ ማውራት ይበቃዋል።

ጣና ዳር ወንጌል እንዲህ አልነበረም የገባው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዓፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜና ከዚያ በኋላ፣ መነኮሳቱ ወደ ሐይቁ የመጡት ለጉባኤ ሳይሆን ለመኖር ነው። ዘጌን እንውሰድ። ትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች ይላል። እውነት ነው ተረት ነው የሚለውን ለሌሎች ትቼ ትውፊቱ የሚያስተምረውን ብቻ ልውሰድ፦ ሰባኪው መጥቶ የተከለው ነገር አለ። ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ በደንብ የተከለከለ ነበር፤ ሰው በቡና ይተዳደር ነበር። ጫካው እስከ ዘመናችን የቆየው በዚህ ነው። ቡናውም እንጨቱም በታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይመጣ ነበር። እምነቱ ወደ ሰዉ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ወደ ማሳውና ወደ ጓዳው ገብቷል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ሌላ ታሪክ እዚሁ ሐይቅ ዳር አለ፤ እኛ ግን የምንነግረው በጎሪጥ ነው። የካቶሊኮቹን ማለቴ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ፤ ልጆች አስተማረ፤ ጎርጎራ ላይ ለዓፄ ሱስንዮስ ግንብ ገነባ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ፎቅም የእሱ ሥራ ነው ይሉታል። ንጉሡን ያሳመነው በወዳጅነትና በክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ይኸኛው የሚያሳምን አልነበረም፤ የሚያዝ ነው። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ እንደ ሮም ይሁን አለ። ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አንዱ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ባልቀረው ጊዜ የገነባውን ሌላው በሰባት ዓመት አፈረሰው፤ የሁለቱም ትምህርት ግን አንድ ነበር፣ ልዩነቱ በአቀራረባቸው ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን የሜንዴዝን ትእዛዝ ከተቃወሙት አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት። የባለሥልጣን ሚስት ነበረች፤ ባሏ የሱስንዮስ የጦር አዛዥ ነበር። ትታው መነነች። ንጉሡንም ጳጳሱንም እምቢ ብላ ተሰደደች፤ በኋላ ጣና ዙሪያ ማኅበር መሥርታ ከተከተሏት ጋር ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች፤ ገድሏ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተጻፈ። ልብ በሉ፣ ሕዝቡን በሃይማኖቱ ያጸናችው መድረክ ላይ ቆማ አይደለም። ሰው ሰብስባ፣ አብራ በልታ፣ አብራ ተርባ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ፤ ታንኳቸው ሳያልቅ።

ነገደ ወይጦ የጣና ሰዎች ናቸው። ደንገል አስረው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ድንጋይ ጠርበው ወፍጮና መጅ ይሸጣሉ። በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ለዚህ ነው የአካባቢው ሰው አብሯቸው የማይበላው፤ «ጉማሬ በል» ይላቸዋል። እነሱ ሙስሊም ነን ይላሉ፤ ሌላው ሙስሊም ደግሞ በዚሁ በጉማሬው ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲገፋቸው ኖሯል። ጉማሬ ማደን ቀርቷል፤ ስሙ ግን አልቀረም። የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ እየተሰጠ ሲሄድ ደንገሉም መንደራቸውም እየተገፋ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ እዚህ ሲያልፍ፣ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጥኚዎች ሲመጡ ያገኙት አማርኛ ብቻ ነው። ይህ ነገር የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ጥሎ የእኛን ወሰደ፤ በእኛ ቃል ልጁን ይጠራል፣ በእኛ ቃል ያለቅሳል፤ እኛ ግን በዚያው ቋንቋ «ና ብላ» አላልነውም። ሌላ ቦታ ሚስዮኑ የሰው ቋንቋ ለመማር ዕድሜውን ይፈጃል። እዚህ ቋንቋው ራሱ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆሟል።

ጥፋቱን ለሰባኪ ብቻ ልጭነው አልፈልግም። ያደግኩት ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ የገጠር ከተማ ነው። ወይጦዎች ወፍጮ ሊሸጡ ሰፈራችን ይመጣሉ። ውኃ ሲለምኑ እናቴ ከጓዳ በር ጀርባ የተሰቀለ ቅል አለ፣ እሱን አውርዳ ትሰጣቸዋለች። ያ ቅል ለሌላ ሰው አይሆንም። አንድ ቀን ከጨዋታ መጥቼ፣ ጠምቶኝ፣ የቀረበኝን ዕቃ ባነሳ ያው ቅል ኖሯል። እናቴ አየችኝ። መታችኝ፤ በማግሥቱ ማለዳ ጠበል ወሰደችኝ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን ትዘክራለች፤ ለማኝ ከደጃፏ ባዶውን አይመለስም። የነፍስ አባታችንም በየወሩ በ12 ይመጣሉ፤ ጠበል ጻዲቁን ባርከው፣ ቤቱን ረጭተው፣ ጓዳ ድረስ ገብተው ይሄዳሉ። ቅሉ እዚያው ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ብሆን ያው ነኝ። ባሕር ዳር ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከነገደ ወይጦ የመጣ ተማሪ ነበረኝ? አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።

ይህን ነገር ለአንድ የማውቃቸው ካህን አንሥቼባቸው ነበር። ቅን ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም።

«መምህር» አሉኝ፣ «እነሱ እኮ እስላሞች ናቸው። ሂዱና አጥምቁ ነው የሚሉኝ?»

አጥምቁ አላልኩም። ሙስሊም ነን ካሉ ሙስሊም ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ስለ እነሱ የሚያውቅ የለም። እኔ ያልኩት፣ ቤታቸው ገብተው ቡና ጠጥተው ያውቃሉ ወይ ነው። ካህኑ ዝም ብለው ቆዩ።

«የንስሐ ልጆቼን ሁሉ ቤት በዓመት አንዴ ብደርስ እንኳ ተመስገን ነው» አሉ ቆይተው። «ከተማው አድጓል፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ። ይሁን፣ ጊዜም አግኝቼ ወይጦ ቤት ገባሁ እንበል። ከዚያ በኋላ እነዚያኞቹ በራቸውን ይከፍቱልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ስብከት የበለጠ እውነት ያለበት ንግግር ነው። ጉባኤው የሚደገሰው፣ ድምፅ ማጉያው የሚገዛው፣ እንግዳ ሰባኪው ከአዲስ አበባ የሚጠራው በእነዚያኞቹ ገንዘብ ነው። ሰባኪው ደግሞ ነገ በአውሮፕላን ይመለሳል፤ የሚያስከፋው ሰው የለም። ካህኑ ግን እዚሁ ነው የሚቀረው፣ በሩን እያንኳኳ። የእረኝነቱን ሥራ የሚሠራው ሰው ማይክራፎን አልደረሰውም፤ ማይክራፎን የደረሰው ደግሞ የማንንም ቤት በር አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉን በመታው ጦርነት ስንቱ ጉባኤ ተሰርዞ፣ ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት የዞሩት እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ ያውቃል።

ዓሣ አጥማጆችን መርጦ የጀመረ እምነት፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር አንድ ሐይቅ እየተጋራ፣ ብሩስ ካያቸው ጀምሮ ቢቆጠር እንኳ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በአንድ ዕቃ ውኃ ሳይጠጣ መኖሩ ለጉባኤ ርእስ ይሆን ነበር። ግን ማን ይጠራበታል? ማንስ እልል ይልበታል?

ያን ማታ ሽማግሌውን ሻይ ልጋብዝዎ አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ወደ ውስጥ ይግቡ ብላቸው ግን አልገቡም፣ «ልብሴ ጭቃ ነው» ብለው አጥሩ ላይ ተደግፈው ቀሩ። አስተናጋጇን ሁለት ሻይ ብዬ አዘዝኳት። ፊቷ ደስ የሚል ልጅ ናት፤ አንገቷ ላይ ማዕተብ አስራለች፤ ከጉባኤው የሚሰማውን መዝሙር በለሆሳስ ትከተላለች። ለእኔ በብርጭቆ፣ ለእሳቸው በላስቲክ ኩባያ አመጣችው። እኔ አየሁ፤ እሳቸውም አዩ። ልጅቷ ብቻ አላየችም።

ሻዩን ፉት እያሉ ወደ ድምፁ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ቅድም ሲስቁ ነበር። ስለ ምን ነው የሚያወራው ሰውዬው?»

«ውኃ ስለለመነ ሰው ነው» አልኳቸው። «አንዲት ሴት የሌላ ወገን ናት፤ ከእሷ ዕቃ ልጠጣ ብሎ ለመናት።»

«ሰጠችው?»

አላስታውስም አልኳቸው። ማታ ክፍሌ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አስተምሬበታለሁም። ሰጠችውም አልሰጠችውም አይልም።